የድሃ ቁምሳ፣ የሀብታም ቁምሳ

አዲስ አበባ ውስጥ ላጤ ሆኖ የኖረ፣ ወይም ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ ሥራ እስኪያገኝ ድረስ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሲያነብ የከረመ ሰው ሁሉ ቁምሳን ያውቃታል። ቃሏን ማንም አስተማሪ ጥቁር ሰሌዳ ላይ አልጻፈልንም። ከቁርስ "ቁ"ን ቆርሰን፣ ምሳን እንዳለች ወስደን፣ እኛው የሰፋናት ቃል ናት።

ቁምሳ የራሷ ሕግ አላት። ጠዋት ሲነቁ ቶሎ ከአልጋ አይወርዱም፤ የተነሳ ሆድ ይርበዋልና። ቢወርዱም በሻይ ቤት በር በኩል አያልፉም፤ የፓስቲ ሽታ ምሕረት የለውም። ሆድ ሲጮህ ውሃ ይሰጡታል። ወደ 5 ሰዓት ተኩል ገደማ አንድ ፍርፍር ይታዘዛል፣ ዳቦ ይጨመርበታል። ቁርስ እንዳይባል ረፍዷል፣ ምሳ እንዳይባል ገና ነው። የሁለት ማዕድ ሥራ ይሠራል፣ የአንድ ማዕድ ሒሳብ ይከፈልበታል። ከዚያ እስከ ማታ እግዜር ያውቃል።

ታዲያ አንድ እሑድ፣ ከአሜሪካ ለዕረፍት የመጣ የአንዳችን የአጎት ልጅ "ብራንች ልጋብዛችሁ" ብሎ ከከተማችን ባለ አምስት ኮከብ ሆቴሎች ወደ አንዱ ይዞን ሄደ። አራት ነበርን። ገብተን ስናየው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ቁምሳ! ያቺው የምናውቃት ቁምሳ። ሰዓቷ ያው ነው፤ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ተኩል እስከ ቀኑ 8 ሰዓት። ሥራዋም ያው ነው፤ ቁርስና ምሳን አንድ ላይ መገላገል። ልዩነቱ እዚህኛው ላይ ነጭ ጨርቅ ለብሳለች፣ ፒያኖ ይመታላታል፣ እንቁላሏን የሚጠብስላት ባለ ረጅም ቆብ ሼፍ ቆሞላታል።

የዛሬው ጨዋታችን በእነዚህ ሁለት ቁምሳዎች መካከል ስላለው መንገድ ነው። መንገዱ ሳናስበው ደባርቅ ድረስ ይወስደናል።

*

መጀመሪያ ስለ ባለ ፒያኖዋ እናውራ።

"ብራንች" የምትለዋ የእንግሊዝኛ ቃል የተሠራችው ልክ እንደ ቁምሳ ሁለት ቃል ተቆርጦ ተሰፍቶ ነው። ጋይ ቤሪንገር የሚባል እንግሊዛዊ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1895 አንድ የአዳኞች መጽሔት ላይ ስለ እሷ ሽንጡን ገትሮ ተሟግቶላታል። የሰውዬው ክርክር አጭር ነው። ከቤተ ክርስቲያን መልስ እሑድ እሑድ የሚበላው ከባድ ምሳ ይቅር፤ በምትኩ ረፈድ አድርገን በሻይና በቡና ቀለል ያለ ነገር እንብላ፤ ቅዳሜ ማታ ሲዝናና ያመሸ ሰውም ጠዋት ይተኛ፤ ሰው በዚህ ሰዓት ሲቀመጥ ደስተኛና ወሬኛ ይሆናል የሚል ነው። ሰውዬው ስለ ገንዘብ አልተጨነቀም። የተጨነቀው ስለ እንቅልፍ ነበር።

እንግዲህ እንግሊዙ ቁምሳን የፈለጋት ስለተኛ ነው። እኛ ደግሞ የተኛነው ቁምሳን ስለፈለግናት ነው።

የእሑድ ረፋድ ማዕድ ግን ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ከቤሪንገር ሰዎች ምክር የማይፈልግ ሰንበቴ የሚባል ነገር አለን። ቅዳሴ ሲያልቅ፣ ተራ የደረሰው አባል ዳቦውን፣ ጠላውን፣ ንፍሮውን ወይም እንጀራ በወጡን ይዞ ወደ ሰንበቴ ቤት ይመጣል። ካህኑ ይባርካሉ። ከአባላቱ ጋር መንገደኛው ይበላል፣ በደጀ ሰላም የተቀመጠው የኔ ቢጤም ድርሻው ነው። ለዚህ ማዕድ ሒሳብ አይመጣም፤ የሚመጣው ተራ ነው። ዛሬ የበላህ ሰው ወር ቆይቶ ወይም ዓመት ቆይቶ ታበላለህ።

ለምግብ ገንዘብ መክፈል ለአያቶቻችን እንግዳ ነገር እንደነበር ስለ እቴጌ ጣይቱ ሆቴል የሚተረከው ወግ ይነግረናል። ሆቴሉ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ላይ ሲከፈት ሰው በልቶ መክፈልን ነውር አድርጎ ስላየው ገበያ ጠፋ ይባላል። ስለዚህ አፄ ምኒልክ መኳንንቱን እየወሰዱ እያበሉ፣ በኋላም ተራ በተራ እንዲከፍሉ እያደረጉ አለማመዷቸው ይባላል። ተማሪዎቹ ጎበዞች ነበሩ። በ1969 እ.ኤ.አ. ሒልተን፣ በ1998 እ.ኤ.አ. ሸራተን ሲከፈት የከተማው ሰው ትምህርቱን ጨርሶ ነበር።

*

የአጎት ልጅ ግብዣ ላይ እንመለስ። ቡፌ ማለት ለእንደኛ ዓይነቱ ሰው ፈተና ነው። ማስተርስ ዲግሪ ያለው ጓደኛችን ሳይቀር ሳህኑን እንደ ጤፍ ክምር ቆልሎ መጣ። ክሮሳ ላይ ክትፎ፣ ክትፎ ላይ ሐብሐብ። ምክንያቱ ይገባናል። ዓመታት ሙሉ በአንድ ማዕድ ሁለት ማዕድ ሲያካክስ የኖረ ሆድ "የፈለግከውን ያህል" የሚል ጽሑፍ ሲያይ የሚያስበው ስለ ዛሬ ብቻ አይደለም፤ ስለ ማክሰኞም ያስባል።

በመጨረሻ ሒሳብ መጣ። ትልልቅ ሆቴል ገብታችሁ የምታውቁ ከዋጋው ጎን የምትቀመጠዋን የመደመር ምልክት ታውቋታላችሁ። 10 በመቶ የአገልግሎት፣ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ። 100 ብር ብላችሁ ያያችሁት ነገር ቢያንስ 125 ብር ሆኖ ይመጣል። በዚያ ላይ መንግሥት ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ከለቀቀው በኋላ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ 100 ብርን አልፏል። ዋጋውን በዶላር የሚያስብ ሆቴል ዋጋ ጨመርኩ ማለት እንኳ አይጠበቅበትም፤ ብሩ ራሱ ይጨምርለታል። የአጎት ልጅ ካርዱን ሰጠ። እኛ ደረሰኙን በዓይናችን ጥግ አነበብን። የአንዳችንን የወር የቤት ኪራይ በልተን ነበር።

ከዚያ ወጥተን ታክሲ እስክንሳፈር ድረስ የተከራከርነው በአንድ ጥያቄ ነው፤ ይሄ ነገር ኃጢአት ነው ወይስ አይደለም? አንዱ "ሕዝብ እየተራበ!" አለ። ሌላው "አስተናጋጁ ልጅ በምን ይኑር ታዲያ?" አለው። ክርክሩ የወጣቶች ክርክር ስለሆነ ማንም ማንንም አላሳመነም። እኛ ለዚህ ጥያቄ የተሻለ መልስ ያለው ሰው ያገኘነው ከዚያ ከዓመታት በፊት፣ ከአዲስ አበባ በጣም ርቆ፣ ጠመንጃ ይዞ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነው። አሁን ወደ እሱ እንሂድ።

*

ጥቅምት 2012 ዓ.ም. ነበር። ከጎንደር ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲጓዙ፣ ዳባትን አልፈው፣ ደባርቅ ይደርሳሉ። ከፍታዋ ከ2,700 ሜትር በላይ ነው፤ ማታ ማታ ብርዱ ብርድ ልብስ አይለይም። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በር እሷ ናት። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1969 የተቋቋመ ሲሆን፣ በ1978 ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብን ሲከፍት ከላሊበላ ጋር አብሮ ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ነው። በአንድ በኩል ደጋው፣ ገብሱ፣ ጅብራው፣ ጭላዳ ዝንጀሮው። በሌላ በኩል ደግሞ ጣሊያን በወረራው ዘመን ገደሉን እየቦረቦረ ያወጣው የሊማሊሞ መንገድ አለ። ተጠማዝዞ ተጠማዝዞ ሲወርድ ካፖርትህን ታወልቃለህ፣ ከዚያ ሹራብህን፣ ታች ዛሪማ ስትደርስ ሸሚዝህም ይከብድሃል። ደጋና ቆላ በአንድ ጠዋት።

እዚህ አገር ለሚመጣ እንግዳ ጥሩ ሎጆች ተሠርተው ነበር። ቡይት ራስ ላይ ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተሠራው ሲሜን ሎጅ ራሱን የአፍሪካ ከፍተኛው ሆቴል እያለ ሲያስተዋውቅ ኖሯል። በሊማሊሞ ገደል አፋፍ ላይ የተሠራው ሊማሊሞ ሎጅ ደግሞ ሐሳቡ የተጠነሰሰው በፓርኩ አስጎብኚ ከነበሩ ሁለት የአካባቢው ልጆች ነው፤ ግድግዳውም ከተጠቀጠቀ አፈር የተሠራ ነው። እኛ የበላንበት የትኛው እንደሆነ ለጨዋታችን አያስፈልግም። እሑድ ነበር። ጠዋት በእግር ተጉዘን፣ ጭላዳ አይተን፣ እግራችን ዝሎ ወደ 5 ሰዓት ስንመለስ የቀረበልን ነገር ቁርስም ምሳም ያልሆነ፣ ሁለቱንም የሆነ ነበር። እንቁላል፣ ጥብስ ድንች፣ የገብስ ዳቦ፣ ማር፣ ማርማላታ፣ ቡና። በመስኮቱ በኩል ሸለቆው እስከ ዓይን ድካም ድረስ ይታያል። ዋጋው በዶላር ነበር።

ፓርኩ ውስጥ ያለ ስካውት አይገባም። የኛ ስካውት ጺማቸው የሸበተ አባት ነበሩ። እኛ ገብተን ስንቀመጥ እሳቸው ውጭ ድንጋይ ላይ ፀሐይ መሞቅን መረጡ።

"ጋሼ፣ ይግቡ እንጂ፣ አብረን እንብላ" አልናቸው።

"ኧረ በልቻለሁ ልጆቼ።"

ያልበላ ኢትዮጵያዊ ሁሉ መጀመሪያ የሚለው ይህንን ነው። ሁለተኛ ስንጠይቃቸው ጾመ ጽጌን እንደሚጾሙ ነገሩን። እንደምታውቁት ጽጌ የፈቃድ ጾም ነው፤ እሑድም ቢሆን የሚጾመው ሰው ከእንቁላልና ከቅቤ አይደርስም። ሦስተኛ ጊዜ "በሞቴ" ስንላቸው ገቡ። ድንቹንና ዳቦውን ወደ እሳቸው ገፋንላቸው። ከኮታቸው ኪስ የበሶ ከረጢታቸውን አውጥተው እነሆ አሉን። ማዕዱ ያን ጊዜ ሞላ።

የበሉትን እየበሉ ገበታውን እንደ ካርታ ያነቡልን ጀመር። ድንቹ የዚህ የደጋው ነው አሉ። ዳቦው ከዚሁ ገብስ ነው። እንቁላሉ ከደባርቅ ገበያ ነው፤ ሴቶች ናቸው የሚያመጡት። ማሩም ያገር ነው። ይህቺ በብልጭልጭ ወረቀት የተጠቀለለች ቅቤ ግን ከየት እንደመጣች እኔም አላውቅ። ማርማላታዋንም እንዲሁ። ከዚያ ከገበታው ወደ ሰው ተሻገሩ። እናንተ ለመምጣታችሁ አንድ አስጎብኚ በላ፣ እኔ በላሁ፣ ባለበቅሎው በላ፣ ምግብ አብሳዩ በላ አሉ። ደባርቅ ላይ ሁሉም በየማኅበሩ ተራ ጠብቆ ነው የሚወጣው። ተራው ካልደረሰው አይሄድም።

ተራ! ሰንበቴን ያስታወስነው ያን ጊዜ ነው።

ከእኛ አንዱ፣ ያው ወጣትነቱ አስቸግሮት፣ "ጋሼ፣ ዋጋው ግን አልበዛም? እዚህ አገር ስንት ችግር እያለ?" አላቸው። አልተቆጡም። ዳቦውን ቆርሰው፦

"ውድ ይሁን ልጆቼ። ውድ ይሁን፤ ብቻ ሰው አይቅር" አሉ።

*

ይህን ቃል የጻፍነው ሎጅ ሁሉ ቅዱስ ነው ለማለት አይደለም። ያ ከመስኮቱ ማዶ የሚታየው ባዶ ሜዳ ሁልጊዜ ባዶ አልነበረም። በፓርኩ ውስጥ የነበረችው የግጭ መንደር ከ400 በላይ አባወራዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ ደባርቅ እንዲወጡ ተደርገዋል። ፓርኩ ከ1996 ጀምሮ ከነበረበት "አደጋ ላይ ያሉ ቅርሶች" መዝገብ በ2017 ሲፋቅ፣ የሰፈራና የግጦሽ ጫና መቀነሱ አንዱ ምክንያት ነበር። ለዋልያው ጥሩ ሆኗል። ለሣሩም ጥሩ ሆኗል። ነገር ግን ቡና እየጠጣን "እንዴት ያለ ጸጥታ ነው!" ስንል፣ የጸጥታው ዋጋ ከሒሳባችን ላይ ያልተጻፈ ዕቃ ነበር። የከፈሉት ከተማ ገብተው አዲስ ኑሮ የጀመሩ ገበሬዎች ናቸው።

ስለዚህ ውድ ማዕድ ላይ ስንቀመጥ የሚያስፈልገን ጥያቄ "ስንት ነው?" ብቻ አይደለም። "ማን ያበስለዋል፣ ማን ያመርተዋል፣ ማን ተራው ይደርሰዋል፣ ለማዕዱ ብሎ ማን ተነሳ?" የሚለው ነው። የገብስ ዳቦና የደባርቅ እንቁላል ያለበት ውድ ሳህን ከቅቤና ከማርማላታ ጭምር ሁሉ ነገሩ በአውሮፕላን ከመጣ ውድ ሳህን ጋር ዋጋው እኩል ሊሆን ይችላል። ሰንበቴነቱ ግን እኩል አይደለም።

*

"ብቻ ሰው አይቅር" ያሉት ነገር ግን ሆነ። ሰው ቀረ።

መጀመሪያ ኮሮና መጣ። እኛ የበላንበት ጥቅምት ካለፈ አምስት ወር እንኳ ሳይሞላ በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ወር ቱሪስት ቆመ። በዓመቱ ጥቅምት ማብቂያ ላይ ጦርነቱ ተጀመረ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ራሱ ወደ ስሜን መጣ። አዲ አርቃይና ዛሪማ ጦር ሜዳ ሆኑ። ጣሊያን የቦረቦረው፣ ካፖርት እያወለቅን እንወርድበታለን ያልነው መንገድ ተፈናቃይ ልጁን አዝሎ ሽቅብ የሚወጣበት መንገድ ሆነ። ከዳባት አለፍ ብላ ባለችው ጭና ተክለሃይማኖት በነሐሴ መጨረሻ የትግራይ ኃይሎች ሰላማዊ ሰዎችን መግደላቸውን የሰብዓዊ መብት ድርጅቶች መዝግበዋል። ቆሎና ገብስ የሚታወቅበት አገር በሬሳ ቁጥር ታወቀ።

ደባርቅ በዚያ ክረምት ምን አደረገች? ትምህርት ቤቶቿን ለተፈናቃዩ ከፈተች። ሰዉ እንጀራ እየጋገረ፣ ሽሮ እየሠራ ይዞ መጣ። ለቱሪስት ያበስል የነበረ እጅ ለዛሪማ ሰው አበሰለ። ቡፌ አልነበረም፣ የመደመር ምልክት አልነበረም። የተገኘውን ለሁሉም ማዳረስ ነበር። ቁምሳ ማለት እሷ ነች፤ ቁርስን ከምሳ፣ ምሳን ከእራት ጋር አጣብቆ፣ የአንድ ቤት እንጀራ ለሁለት ቤት እንዲበቃ ማድረግ።

በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያው ስምምነት ሲፈረም በደባርቅ ብዙዎች "አሁን ይመጣሉ" አሉ። ዓመት ሳይሞላ፣ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ፣ በአማራ ክልል በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ መካከል በተነሳው ግጭት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። እንደገና ሰው ቀረ።

እንግዲህ ይህን አስተውሉ። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ የብራንች ተመጋቢው አልተራበም። ፈረንጁ ወደ ኪሊማንጃሮ ሄደ። የአዲስ አበባው ሀብታም በእዚያው ባለ ፒያኖ ሆቴል ክሮሳውን ይቆርሳል። የአጎት ልጅ ዱባይ ላይ ፎቶ ለጥፏል። የተራበው ባለበቅሎው ነው። ተራውን ጠብቆ ተራው ያልደረሰው አስጎብኚው ነው። እንቁላሏን ወደ ገበያ ያወጣችው እናት ናት። ውዱ ማዕድ ሲታጠፍ መጀመሪያ የሚነሳው ሳህን የእነሱ ነው።

*

እኛ አሁን የደረስንበት ሐሳብ ይኸው ነው። ሰው ገንዘቡን አውጥቶ ጥሩ ምግብ መብላቱ አያሳፍርም። ቁምሳ በልተን ያደግን ልጆች አንድ ቀን ፒያኖ እየሰማን ብንበላ ማንም አያዝንብን። የሚያሳፍረው ከማን ማዕድ ላይ እንደምንበላ ሳንጠይቅ በልተን መነሳት ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው እሑድ ውድ ቦታ የምትጋበዙ ካላችሁ፣ ሂዱ፤ ብሉ። ስትበሉ ግን እንደ ስካውቱ ገበታውን እንደ ካርታ አንብቡት። እንቁላሉ ከየት ነው? ዳቦው የየት ስንዴ፣ የየት ገብስ ነው? ያ 10 በመቶ የአገልግሎት የሚባለው እናንተን ላገለገለችው ልጅ ይደርሳታል ወይ? ጠይቋት፤ ቀስ ብላችሁ፣ አለቃዋ ሳይሰማ። የማይደርሳት ከሆነ በእጇ ስጧት። ሳህናችሁንም አትቆልሉ፤ ማክሰኞ በራሱ ይመጣል።

ስሜን ላይ ሰላም ሲወርድ ደግሞ፣ ለዕረፍት ዱባይን የምታስቡ ሁሉ፣ መንገዳችሁን ወደ ሰሜን አድርጉት። ደባርቅ እደሩ፣ በቅሎ ተከራዩ፣ ስካውት ያዙ፣ በሊማሊሞ ወርዳችሁ ዛሪማ ላይ ሻይ ጠጡ። ሎጁም ውድ ቢሆን ግቡ። ቅቤዋን በወረቀቷ ትታችሁ የገብሱን ዳቦ እዘዙ፤ ውጭ ፀሐይ የሚሞቀውን ሰው ደግሞ ሦስት ጊዜ ጥሩት፤ በሁለተኛው አይገባምና።